ይሄ መፅሐፍ ይግባ ወይስ አይግባ? የጋራ ካምፔን ላይ የሚነሱ ችግሮች፣ ከየት እንደሚመጡ እና እኛ ምን እንዳደረግን

ሀዋሳ ውስጥ ዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባለውን፣ ዳይስ እየተጣለ ታሪክ የሚፈጠርበትን ጌም፣ የምንጫወት ሁለት ጠረጴዛ ነን፣ አንዱ ቅዳሜ ከሰዓት ፒያሳ አካባቢ ሌላው እሁድ አቶቴ፣ ዓለሙና ታሪኩ (ካምፔኑ) ግን አንድ ነው። ቅዳሜ የተቃጠለ ድልድይ እሁድም ተቃጥሎ ነው የሚጠብቃችሁ፣ ቅዳሜ የሚጫወት ሰው ካልተመቸው ደሞ ካራክተሩን፣ ማለትም ጌሙ ውስጥ የሚሆነውን ሰው፣ ይዞ እሁድ መምጣት ይችላል። ቅዳሜን የምመራው እኔ ነኝ፣ እሁድን ጓደኛዬ፣ የሚመራውን ሰው ማስተር ነው የምንለው። እንደዚ ስንጫወት ከድራጎኑም ከጭራቁም በላይ ያጨቃጨቀን ነገር አዲስ የህግ መፅሐፍ ሲመጣ ይፈቀድ አይፈቀድ የሚለው ነው፣ እና ብዙ ተጨቃጭቀን የገባኝ ነገር ቢኖር መፅሐፉ ራሱ እምብዛም ጥፋት የለበትም፣ የሚያጣላን አንድ ሰው ብቻ አንብቦት ሌላው ሳያነበው ጠረጴዛ ላይ ሲወጣ ነው። እናንተም ጋር ተመሳሳይ ነገር ካለ ምልክቱን አይታችሁ የራሳችሁን ፈልጉ። ዓመቶቹን የፃፍኩት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ምልክት፦ አንድ ልጅ ተራው ሲደርስ ጌሙ ይቆማል

"ይሄን ስፔል እጠቀማለሁ" ይላል፣ ስፔል አስማት ነው፣ ምን እንደሚሰራ ከሱ ውጪ ማንም አያውቅም፣ እሱም በደንብ አያስታውሰውም፣ ስልኩን አውጥቶ ፒዲኤፍ ውስጥ መፈለግ ይጀምራል፣ ኔትወርኩ ይንቀራፈፋል፣ በዛ ላይ መብራት ከጠፋና ባትሪው ካለቀ በቃ የዛን ቀን ስፔሉ ምን እንደሚሰራ የሚነግረን የለም። ሌሎቹ እስከዛ ወሬ ጀምረዋል፣ ታሪኩ ቀዝቅዟል።

ምክንያቱ፦ መፅሐፉ ያለው አንድ ሰው ጋር ነው። እኔ እስካሁን ሀዋሳ ውስጥ እነዚን መፅሐፎች የሚሸጥ ሱቅ አላጋጠመኝም፣ የሚመጡት ከውጭ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ነው፣ ስለዚ አክስቱ አሜሪካ ያለች ልጅ አስር ሰብክላስ፣ ማለትም በካራክተሩ ሙያ (ክላስ) ስር ያለ ዘርፍ፣ ያማርጣል፣ ማንም የሌላት ልጅ ደሞ በነፃ የሚገኘው ህግ ላይ ያለውን ትወስዳለች። ይሄ እኔን በጣም ያመኛል፣ ምክንያቱም ጠረጴዛው ላይ ሁላችንም እኩል ነን ብለን ነው የተቀመጥነው።

መፍትሄው፦ መጀመሪያ መሰረቱን ነፃ የሆነው ላይ አድርጉ። 2023 ጃንዋሪ ላይ ኤስአርዲ 5.1 የሚባለው መሰረታዊ ህግ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ተለቋል፣ 2025 ላይ ደሞ የአዲሱ እትም ኤስአርዲ 5.2 በተመሳሳይ ፈቃድ ወጥቷል፣ ማለትም ምንጩን እስከጠቀሳችሁ ድረስ ማውረድ፣ ፕሪንት ማድረግ፣ ወደ አማርኛ መመለስም ትችላላችሁ። ጉድለቱ ለእያንዳንዱ ክላስ አንድ ሰብክላስ ብቻ ነው ያለው፣ ለዛ ነው ሰው ሌላ መፅሐፍ የሚያምረው፣ እና ማማሩ ልክ ነው።

ከዛ በላይ ለሚመጣው ግን መፅሐፉ ከካራክተሩ በፊት ነው ጠረጴዛ የሚደርሰው። አዲስ መፅሐፍ ይፈቀድልኝ ያለ ሰው መፅሐፉን አንድ ሳምንት ለኔ አንድ ሳምንት ለእሁዱ ማስተር ያውሳል፣ ታሻ የሚባለው የኛው መፅሐፍ በፌስታል ተጠቅልሎ በባጃጅ ከፒያሳ አቶቴ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ እኔ አላውቅም፣ አንዱ የስፔል ገፅ ላይ የአሳ ጉላሽ ዘይት ጠብ ብሎበት ክቡ እስካሁን ይታያል። ሁለተኛው ደሞ የካርድ ህግ የምንለው ነው። የደብተር ሽፋን በአራት ትቆርጣላችሁ፣ ተጫዋቹ ስፔሉን በራሱ አማርኛ በእስክሪብቶ ይፅፋል። የእሳት ኳስ ካርዳችን ለምሳሌ እንደዚ ይላል፦ "የእሳት ኳስ። ሌቭል 3። እስከ 150 ጫማ ይወረወራል፣ 20 ጫማ ዙሪያውን ያቃጥላል፣ 8 ባለ 6 ዳይስ፣ ዘሎ ያመለጠ ግማሹን።" አለቀ፣ 8 ባለ 6 ማለት ባለ ስድስት ገፁ ዳይስ ስምንቴ ተጥሎ ይደመራል ማለት ነው። ተጫዋቹ በአንድ ካርድ መፃፍ ካቃተው ገና አላነበበውም ማለት ነው፣ ካርድ የሌለው ስፔል ደሞ የዛን ቀን አይሰራም። መብራት ቢጠፋም በሻማ ይነበባል።

ምልክት፦ አንዱ ካራክተር ካለ ውጊያው አያስፈራም፣ ከሌለ ሰው ይሞታል

ይሄኛው በጣም የጎዳን ስለሆነ ረዘም አድርጌ ነው የምፅፈው። ቅዳሜ ጠረጴዛ ላይ አንድ ልጅ ክሌሪክ (የካህን አይነት ክላስ) ይዞ መጣ፣ ሰብክላሱ ትዋይላይት ዶሜይን፣ 2020 ላይ ከወጣው ታሻ። እኔ ገፁን ሳላነብ "እሺ" አልኩት። ልጁ ሌቭል 5 ሲደርስ ስሌቱ እንደዚ ሆነ፦ ሀይሉን ሲከፍት 30 ጫማ ዙሪያ ድንግዝግዝ ብርሃን ይፈጠራል፣ 1 ደቂቃ ይቆያል ማለትም 10 ራውንድ (ሁሉም ሰው አንድ አንድ ተራ ሲጫወት አንድ ራውንድ ነው)፣ ብርሃኑ ውስጥ ተራውን የጨረሰ ሰው ሁሉ ባለ 6 ዳይስ ሲደመር 5 ጊዜያዊ ኤችፒ (ከደሙ በፊት ምቱን የሚቀበል ነጥብ) ያገኛል፣ በአማካይ 8 ተኩል ነው። አይደራረብም ግን በየራውንዱ ይታደሳል። አምስት ሆነው ከቆሙ በየራውንዱ እስከ 42 ምናምን የሚደርስ ምት ደማቸው ጋር ሳይደርስ ይቀራል ማለት ነው። ጭራቆቼ ዝንብ ሆኑ።

እኔ ምን አደረግኩ? ጭራቆቹን አጠነከርኳቸው። ቅዳሜ ላይ ተስተካከለ መሰለኝ። ግን ዓለሙ የጋራ ነው ብያችኋለሁ፣ እሁድ ላይ እነዛን ጭራቆች ያገኘው ጠረጴዛ ክሌሪክ የለውም፣ በሁለተኛው ራውንድ ሁለት ካራክተር ሞተ፣ አንዷ ካራክተሯን ከአንድ ዓመት በላይ የተጫወተች ልጅ ናት፣ ወረቀቷን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት አየኋት ብሎ ጓደኛዬ ማታ ሲነግረኝ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ምክንያቱ ሁለት ነው፦ ሳላነብ መፍቀዴ፣ እና ችግሩን ከስሩ ሳልነካ ጎኑ ያለውን መነካካቴ። አንድ ካራክተር በዛ ብሎ ከታያችሁ ዓለሙን አታሳብጡ፣ በተለይ የጋራ ከሆነ፣ ሂሳቡን የሚከፍለው ሌላ ጠረጴዛ ነው።

ብዙ ሰው እዚጋ "ታሻ ታግዷል" ይላል፣ እኛም ለሁለት ሳምንት ብለን ነበር፣ ግን ልክ አልነበረም፣ ምክንያቱም እዛው መፅሐፍ ውስጥ ለሬንጀር፣ ለጫካ አዳኙ ክላስ፣ የተጨመሩ ነገሮች አሉ፣ በ2014ቱ (በአሮጌው) ህግ አውሬ ይዞ የሚዞረው ሬንጀር ደካማ ነበር እና አውሬውን እንደ ሰው የሚያዋጋለት ታሻ ነው። መፅሐፉን ስታግዱ ያንን ልጅም ቀጣችሁት። ስለዚ መፅሐፍ ሳይሆን ቁራጭ ነው የሚፈቀደው የሚከለከለው፣ ይሄ ሰብክላስ አዎ፣ ይሄ ስፔል አይ፣ እየለየን።

ክሌሪኩን ልጅ ለብቻው ወስጄ ቡና ጋበዝኩት፣ ሰው ፊት አላነሳሁትም።

"እኔ'ኮ የተፃፈውን ነው የተጫወትኩት" አለኝ፣ ፊቱ ቀልቷል።

"አውቃለሁ ወንድሜ፣ አንተ ምንም አላጠፋህም፣ ሳላነብ እሺ ያልኩህ እኔ ነኝ" አልኩት።

"እና ካራክተሬን ልተወው?"

"አትተወውም። ጊዜያዊ ኤችፒው ብርሃኑን ስትከፍት አንዴ ብቻ ይሰጣል፣ ከዛ በኋላ ብርሃኑ ፍርሃትና ማማለልን ብቻ ያስወግዳል። ሶስት ሰሽን፣ ማለትም ሶስት ቅዳሜ፣ እንሞክረው፣ ካልተመቸህ ሌላ ዶሜይን ትመርጣለህ፣ እቃህም ሌቭልህም አይነካም።"

ሶስቱን ሰሽን ሞከረው፣ እስካሁን በሱ ነው የሚጫወተው። የሞቱት ሁለቱን ካራክተሮች ደሞ እሁድ ላይ አስነስተናል፣ ስህተቱ የኛ እንጂ የነሱ ስላልነበረ።

ምልክት፦ ሁለት ሰው የተለያየ ነገር ይላሉ፣ ሁለቱም መፅሐፍ ያሳያሉ፣ ሁለቱም ልክ ናቸው

የ2014ቱ እና የ2024ቱ ፕሌየርስ ሃንድቡክ፣ ማለትም ዋናው የተጫዋች የህግ መፅሐፍ፣ ተቀላቅሎባችኋል። ስማቸው አንድ፣ ሽፋናቸው ሌላ፣ ውስጣቸው ደሞ በከፊል የተለየ ነው። በአሮጌው የፈውስ መጠጥ ለመጠጣት ሙሉ አክሽን (የተራውን ዋና ድርጊት) ይፈጃል በአዲሱ ቦነስ አክሽን (ትንሹ ተጨማሪ ድርጊት) ነው፣ በአሮጌው ኪውር ዉንድስ የሚባለው የፈውስ ስፔል 1 ባለ 8 ዳይስ ነው በአዲሱ 2፣ በአሮጌው ድካም ስድስት ደረጃ ሆኖ እያንዳንዱ የራሱ ቅጣት አለው በአዲሱ በየደረጃው ከዳይሱ 2 ከፍጥነት 5 ጫማ ይቀነሳል። ካውንተርስፔልም በአሮጌው ሌቭል 3 እና ከዛ በታች የሆነውን ስፔል ዝም ብሎ ያጠፋዋል፣ በአዲሱ ግን የተጠራበት ሰው ዳይስ ጥሎ መትረፍ ይችላል።

የሚጎዳው ግን ካራክተር ሲሰራ ነው። አንድ ልጅ ከእሁድ ወደ ቅዳሜ ሲሻገር ጉልበቱ በሌቭል 1 ላይ 19 ሆኖ መጣ። አጭበርብሮ አይደለም፣ 15 ነበረው፣ አሮጌው መፅሐፍ ላይ የተራራ ድዋርፍ (የድንክ ዘር) ስለሆነ 2 ጨመረ፣ አዲሱ መፅሐፍ ላይ ደሞ ባክግራውንዱ (የቀድሞ ህይወቱ) ወታደር ስለነበረ ሌላ 2። ሁለቱንም በትክክል ነው ያነበበው። አዲሱ መፅሐፍ ግን ይሄን ራሱ መልሶታል፦ የዘሩ ገፅ ከአሮጌ መፅሐፍ ከሆነ እዛ ያለውን ጭማሪ ትተዋላችሁ፣ የባክግራውንዱን ብቻ ትወስዳላችሁ።

መፍትሄው አንዱን መሰረት መርጣችሁ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ፒን ማድረግ ነው። እኛ 2024ን መርጠናል፣ ነገሩ አዲሱ ላይ ካለ አዲሱ ያሸንፋል፣ አዲሱ ላይ ከሌለ አሮጌው በፈቃድ ይገባል። አንድ ያልጠበቅነው ጥቅም አገኘንበት፦ 2017 ላይ በወጣው ዛናታር የሚባል መፅሐፍ ውስጥ ሄክስብሌድ የሚባል የዋርሎክ (ውል የገባ አስማተኛ) ሰብክላስ አለ፣ ፓላዲን (መሃላ ያለው ተዋጊ) የሚጫወት ሰው ሁሉ አንድ ሌቭል ዋርሎክ ወስዶ በጉልበቱ ፋንታ በካሪዝማ፣ በግርማ ሞገሱ፣ ሰይፍ ይመታበት ነበር፣ በአዲሱ ህግ ግን ሰብክላስ ለሁሉም ክላስ የሚመጣው ሌቭል 3 ላይ ስለሆነ ሄክስብሌድን ራሱን ለማግኘት ሶስት ሌቭል መክፈል አለበት፣ በካሪዝማ መምታቱን ብቻ ግን አዲሱ ዋርሎክ ሌቭል 1 ላይም ይሰጣል። የሚፈልገው ሰው ከፍሎ ይውሰደው፣ ክርክሩ ቆሟል።

ምልክት፦ "አይቻልም" ስትሉ ሰውየው ዝም ይላል፣ በሚቀጥለው ሳምንት አይመጣም

ይሄን ያደረግኩት እኔ ነኝ። አንዲት እህታችን አርቲፊሰር መጫወት ፈለገች፣ እቃ እየሰራ አስማት የሚያስገባበት ክላስ ነው፣ 2019 ላይ ኤበሮን የሚባል መፅሐፍ ውስጥ ወጣ ታሻም ላይ ተደገመ። ገና ስሙን ስሰማ ባቡርና ሮቦት ታየኝ፣ ዓለማችን ደሞ ጦርና ጋሻ ያለበት ነው፣ "ከኛ ዓለም ጋር አይሄድም" አልኳት። ሁለት ሳምንት ጠፋች። በሶስተኛው መጥታ ምን አለችኝ፦ "ቀጥቃጭ'ኮ ነው የምልህ።"

እኔ ያን ጊዜ ነው መፅሐፉን ያነበብኩት። ልክ ናት፣ ብረት የሚያቀልጥ ሰው፣ ማረሻውንም ጦሩንም ሁሉ እሱ ሰርቶለት ግን መንደሩ የሚፈራው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል እየተባለ አብሮት የማይበላ፣ ያ በደል በኛ አገር ቀጥቃጮች ላይ በእውነት የደረሰ ነው፣ እሷ ደሞ ያንን ሰው ጀግና አድርጋ ልትጫወተው ነበር የመጣችው። ከታቦር በመሰለ ተራራ ስር ወናፍ ያለው ቤት ሰጠናት፣ አሁን የሁለቱም ጠረጴዛ ሰው መሳሪያው ሲሰበር እሷ ጋር ነው የሚሄደው።

ምክንያቱ መፅሐፉን ሳይሆን ስሙን መከልከሌ ነበር። አሁን "አይ" ለማለት ሁለት ነገር ግድ ነው፦ የሚመለከተውን ገፅ ማንበብ፣ እና ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር መንገር። ቀን ደሞ እንቆርጣለን፣ ጥያቄ ከመጣ በሁለት ሳምንት ውስጥ መልስ ይሰጣል፣ ካላነበብኩት "ገና ነኝ" እላለሁ እንጂ አይ አልልም።

ምልክት፦ ከኢንተርኔት የወረደ፣ ማን እንደፃፈው የማይታወቅ ክላስ

እዚጋ አጭር ነኝ። በዛው ሌቭል ካለው ኦፊሻል ነገር ጋር አስተያዩት። ሌቭል 3 የሆነ አካባቢ የሚመታ ስፔል ከመጣላችሁ የእሳት ኳስ 8 ባለ 6 ዳይስ ነው፣ በአማካይ 28፣ እሱ ራሱ ለሌቭሉ ከባድ ከሚባሉት ነው። ከሱ በላይ ከመታ ይቀነስ ወይ ይቅር።

ምልክት፦ ሁሉም ተፈቅዷል ግን ካራክተሮቹ ከስድስት መፅሐፍ የተለቃቀሙ ናቸው

አድቬንቸረርስ ሊግ የሚባለው ኦፊሻል ጨዋታ ለዓመታት የተጠቀመበት ህግ አለ፣ ፕሌየርስ ሃንድቡክ ሲደመር አንድ መፅሐፍ፣ በኋላ እነሱ ትተውታል። እኛ ግን ይዘነዋል፣ ለኛ የሚመቸው ለጥንካሬው ሳይሆን እያንዳንዱ ሰው አንድ መፅሐፍ ብቻ በደንብ ስለሚያነብ ነው። ሁሉን ነገር አይይዝም ግን፣ ሄክስብሌድና ፓላዲን ለምሳሌ ሃንድቡኩና ዛናታር ብቻ ስለሆኑ ያልፉ ነበር።

አሁን ሙከራ ላይ ያለው ሲልቨሪ ባርብስ የሚባል ስፔል ነው፣ 2021 ላይ ከወጣው ስትሪክስሄቨን ከሚባል መፅሐፍ፣ ሌቭል 1 ሆኖ የተሳካለትን ጠላት ዳይስ ያስደግመውና ለሌላ ሰው አድቫንቴጅ (ሁለቴ ጥሎ ትልቁን መውሰድ) ይሰጣል። ጥንካሬው ሳይሆን "ቆይ ቆይ" መብዛቱ ነው የሚያሰጋኝ፣ በየጠላቱ ዳይስ ጌሙ ይቆማል፣ ስለዚ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሰው ብቻ ይያዘው ብለናል። ሁለት ሰሽን ይቀረዋል፣ ካርዱ ተፅፏል፣ መፅሐፉ አቶቴ ነው ያለው፣ ማክሰኞ እኔ ጋር ይመለሳል።