የአደን ጠመንጃ መነጽር ለሩቅ ተኩስ እንዴት ይስተካከላል?

አያቴ ምንሽሩን ይዞ ሲያነጣጥር መነጽር የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። እኔም ኮሎራዶ መጥቼ አደን እስክጀምር ድረስ አላውቅም። እዚህ አጋዘን ብዙ ጊዜ የሚታየው ከገደል ማዶ ነው። ስለዚህ መነጽር ገዛሁ፣ ገጠምኩት፣ ወደ ተኩስ ሜዳ ሄድኩ። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ፓኮ፣ 40 ጥይት ጨርሼ ኢላማው ላይ ሁለት ቀዳዳ እንኳ ጎን ለጎን አላገኘሁም።

ከሁሉ በፊት ጠመንጃው ጥይት አለመጉረሱን በዓይንም በጣትም አረጋግጡ።

መነጽሩን ጠመንጃው ላይ በሚይዙት ቀለበቶች ውስጥ ላላ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ዓይናችሁን ጨፍኑና ጉንጫችሁን ሰደፉ ላይ አሳርፉ፤ ከዚያ ግለጡ። ዙሪያው ጥቁር ከሆነ መነጽሩን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ግፉት። አብዛኛው መነጽር ከዓይን ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር መራቅ ይፈልጋል። አንድ ጓደኛዬ አስጠግቶ ተኩሶ ቅንድቡ ላይ የጨረቃ ቅርጽ ያለው ጠባሳ ይዞ ቀርቷል።

ቀጥሎ መስቀሉን፣ ማለትም መነጽሩ ውስጥ የሚታዩትን ተሻጋሪ የማነጣጠሪያ መስመሮች፣ ማቃናት ነው። ለዚህ የሚሸጥ ብዙ ኮተት አለ፤ እኔ ግን የግንበኛ ቱንቢ ይበቃኛል። ቱንቢውን ራቅ አድርጋችሁ ስቀሉ፤ ጠመንጃው ሳያዘነብል የመስቀሉን ቋሚ መስመር ከክሩ ጋር ግጠሙ። ትንሽ ካዘነበለ በ100 ያርድ (90 ሜትር ገደማ) ላይታወቃችሁ ይችላል። ሩቅ ላይ ግን ጥይቱ ወደ ጎን ይሄድባችኋል።

ብሎኖቹን ስታጠብቁ አንዱን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ። በየተራ፣ ጥቂት ጥቂት። በእጅ ግምት መሥራት የሚወድ ሰው ብሆንም እዚህ ላይ የጥብቀቱን ልክ የሚያሳይ ካቻቪቴ ግዙ እላለሁ። አምራቹ የጻፈውን ልክ ተከተሉ። ከላላ መነጽሩ ይንሸራተታል፤ ከጠበቀ ቱቦው ይጨፈለቃል።

አሁን 25 ያርድ ላይ ኢላማ አቁሙ። የጠመንጃውን ቦልት (ወደ ኋላ የሚሳበውን ጥይት ማጉረሻ) አውጥታችሁ ከኋላ በኩል በአፈሙዙ ቀዳዳ ውስጥ ኢላማውን እዩ። እምብርቱ መሀል ሲገባ ጠመንጃውን ሳታንቀሳቅሱ፣ መነጽሩ ላይ ያሉትን የሚዞሩ መቆጣጠሪያዎች እያዞራችሁ መስቀሉን ወደ እምብርቱ አምጡት። ቦልቱን መልሱና ተኩሳችሁ እዩት። ወረቀቱን ከመታ ወደ 100 ያርድ አርቁት።

ከባዱ ክፍል እዚህ ነው። በዚያ በመጀመሪያው ቀን አንድ ጥይት ተኩሼ ወደ ቀኝ ሲሄድ መቆጣጠሪያውን ወደ ግራ አዞርኩ። ሁለተኛው ከፍ አለ፤ ወደ ታች አዞርኩ። ሦስተኛው ደግሞ ሌላ ቦታ። እንዲህ እያልኩ ጥይት ሳሳድድ ዋልኩ። መጨረሻ ላይ አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ ተነሥተው መጡና መነጽሩን በአንድ ጣት ገፋ አደረጉት። ተንቀሳቀሰ! የኋላው ቀለበት ብሎን ላልቶ ኖሯል። አፈርኩ።

እና እንዲህ አድርጉ። ሦስት ጥይት ወደ አንድ ነጥብ ተኩሱ፣ በመሀል ምንም አትንኩ። ሦስቱ ቀዳዳዎች ከተበታተኑ መቆጣጠሪያው አያድናችሁም፤ ብሎኑን፣ አተኳኮሳችሁን፣ ጥይቱን መርምሩ። ከተሰባሰቡ ግን መካከላቸውን ፈልጉና ከእምብርቱ ያለውን ርቀት ለኩ። መቆጣጠሪያው ሲዞር ቀጭ ቀጭ ይላል፤ እያንዳንዱ ቀጭታ አንድ ጠቅታ ነው። ብዙ መነጽሮች በአንድ ጠቅታ 100 ያርድ ላይ ሩብ ኢንች ያህል ያንቀሳቅሳሉ። 3 ኢንች ዝቅ፣ 2 ኢንች ወደ ቀኝ ከሆነ 12 ጠቅታ ወደ ላይ፣ 8 ጠቅታ ወደ ግራ። 25 ያርድ ላይ ግን ያው ጠቅታ አቅሙ ሩብ ነው፤ እዚያ ለ1 ኢንች 16 ጠቅታ ያስፈልጋል። መቆጣጠሪያው ላይ ያለው ቀስት የሚያሳየው ጥይቱ የሚሄድበትን አቅጣጫ ነው።

በመሀል አፈሙዙ ይቀዝቅዝ። ቡና ያዙ። የጋለ ብረት ይዋሻል።

100 ላይ ከተስተካከለ ወደ 300 ሂዱ። ለምሳሌ 308 ካሊበር በ168 ግሬን (የጥይት ክብደት መለኪያ) ጥይት እዚያ ወደ 14 ኢንች ይወርዳል፤ እዚያ አንድ ጠቅታ የሚያንቀሳቅሰው ሦስት አራተኛ ኢንች ስለሆነ ይህ ወደ ላይ 18 ጠቅታ ገደማ ነው። የስልክ መተግበሪያ ቁጥሩን ይሰጣችኋል፤ እኔ ግን ወረቀት ላይ ሳላየው አላምነውም። ዴንቨር አካባቢ የተስተካከለ ጠመንጃ 3 ሺህ ሜትር ተራራ ላይ ሲወጣ አየሩ ስለሚሳሳ ጥይቱ ጥቂት ከፍ ይላል። ራሳችሁን ስታወዛውዙ መስቀሉ ኢላማው ላይ የሚሄድ ከመሰላችሁ ደግሞ በጎን ያለውን የርቀት ማስተካከያ (ግራ ቀኝ የሚያደርገውን ሳይሆን ሌላውን) እስኪረጋ አዙሩ። ነፋስን በጠቅታ ማሸነፍ ግን ለኔ እስካሁን አልሆነልኝም። ሲበረታ ወይ እጠጋለሁ፣ ወይ እተወዋለሁ።

ሁለት ነገር ሰደፉ ላይ በፕላስተር ለጥፌአለሁ። አንዱ የጠቅታ ቁጥሮቼ ናቸው። ሌላው በትልቁ የተጻፈ «ወደ ዜሮ መልስ!» የሚል ነው፤ 18ቱን ጠቅታ ረስቼ በማግስቱ 100 ያርድ ላይ ስተኩስ ከኢላማው በላይ ያለውን ካርቶን በስቼ ስለማውቅ።