ራሱን ሪስታርት የሚያደርግ ዴስክቶፕ፦ ፎርማት ከመደረጉ በፊት

ኮምፒውተር ሥራ መሃል ድርግም ብሎ እንደገና ሲነሳ ባለቤቱ የሚጠረጥረው ቫይረስ ነው፤ የሰፈሩ ጠጋኝ የሚያደርገው ደግሞ ፎርማት። ፋይል ይጠፋል፣ ሂሳብ ይከፈላል፣ ሁለት ቀን ሰላም ይሆናል፣ በሦስተኛው ያው በሽታ ይመለሳል። ሦስት ጊዜ ፎርማት ተደርጎ በመጨረሻ ፓወር ሳፕላዩ (ከግድግዳ የሚመጣውን መብራት ለኮምፒውተሩ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ሲቀየር የዳነ ማሽን ለቁጥር ያታክታል። ገመዱ ጠብቆ መሰካቱን አይታችኋል፣ አቧራውን አራግፋችኋል ብለን እናልፋለን።

አጠፋፉን ለዩ

በሥርዓት እየዘጋ፣ «ሪስታርቲንግ» የሚል ጽሑፍ አሳይቶ የሚነሳ ከሆነ አልታመመም፤ አፕዴት እያደረገ ነው። ኢቨንት ቪወር (ዊንዶውስ የደረሰበትን የሚመዘግብበት ፕሮግራም) ውስጥ ቁጥር 1074 ሆኖ ተመዝግቦ ታገኙታላችሁ። የአፕዴቱን ሰዓት ማስተካከል ነው፣ አለቀ።

ብሉ ስክሪን (ዊንዶውስ ሲወድቅ የሚያሳየው ሰማያዊ የስህተት ገጽ) ብልጭ ብሎ ጽሑፉ ሳይነበብ የሚነሳ ከሆነ እንዲቆምላችሁ አድርጉት። አድቫንስድ ሲስተም ሴቲንግስ፣ ከዚያ ስታርትአፕ ኤንድ ሪከቨሪ ውስጥ ገብታችሁ «አውቶማቲካሊ ሪስታርት» የሚለውን ምልክት አንሱ። ከዚያ በኋላ ሲመታው ገጹ ላይ ይቆማል፤ በስልክ ፎቶ አንሱት።

ምንም ሳይናገር፣ ሶኬቱ እንደተነቀለ ሁሉ ጭልም ብሎ ወዲያው የሚነሳው ሦስተኛው ዓይነት ነው። ይህ ጽሑፍ በአብዛኛው ስለ እሱ ነው።

ኢቨንት ቪወር፣ ዊንዶውስ ሎግስ፣ ሲስተም ውስጥ ቀይ ምልክት ያለው «ከርነል ፓወር 41» ይኖራል። «41ን እንዴት ላጥፋው» ብሎ የሚፈልግ ሰው ብዙ ነው። 41 በሽታው አይደለም፤ ዊንዶውስ ከተነሳ በኋላ «ባለፈው በሥርዓት አልተዘጋሁም» ብሎ የሚጽፈው ማስታወሻ ነው። የሚጠቅማችሁ ዲቴይልስ የሚለው ውስጥ ያለው «በግቼክ ኮድ» (የስህተቱ ቁጥር) ነው። 0 ከሆነ ዊንዶውስ ራሱ ምን እንደመታው አላወቀም፤ ብዙውን ጊዜ ኃይል ተቋርጦበታል ማለት ነው። 278 ከሆነ ግራፊክስ ካርዱን ወይም ድራይቨሩን፣ 26 ከሆነ መጀመሪያ ራሙን (ጊዜያዊ ማስታወሻውን)፣ 292 ከሆነ ሀርድዌሩን በጠቅላላ (ፕሮሰሰር፣ ሙቀት፣ ቮልቴጅ) ተጠራጠሩ።

አንድ ነጻ ፈተና አለ። ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚገባበት የማሽኑ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ግቡና አንድ ሰዓት እንዲሁ ተዉት። እዚያ ሆኖ ሪስታርት ካደረገ ዊንዶውስ ከክሱ ነጻ ነው፤ ፎርማት ልበል የሚላችሁን ሰው አመስግናችሁ ውጡ። ባዮስ ውስጥ ዝም ካለ ግን ፓወር ሳፕላዩ ደህና ነው ማለት አይደለም፤ እዚያ ጭነቱ ቀላል ነው።

ፓወር ሳፕላይ

ከፓወር ሳፕላዩ ወደ ማዘርቦርዱ (ሁሉም ክፍል የሚሰካበት ዋና ሰሌዳ) ከሚሄዱት ሽቦዎች አንዱ ግራጫ ነው። ሥራው 5 ቮልት ይዞ «ኃይሉ ደህና ነው» ማለት ብቻ ነው። ፓወር ሳፕላዩ ሲደክም ይህ ሽቦ ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ ማዘርቦርዱም ያን ጊዜ ሁሉን ነገር ሪሴት ያደርጋል። ድካሙ የአፍታ ከሆነ ግራጫው ይመለስና ማሽኑ እንደገና ይነሳል። ከመጥፋት ይልቅ «ሪስታርት» የሚመስለው ለዚህ ነው።

ውስጡ ያለው ትልቁ ካፓሲተር መብራት ለቅጽበት ሲቆረጥ ማሽኑን የሚያቆይ ስንቅ ነው። ጤነኛ ፓወር ሳፕላይ ሙሉ ጭነት ላይ እያለ ወደ 16 ሚሊሰከንድ ያህል ያቆያል። ርካሹ ከመጀመሪያውም ትንሽ ካፓሲተር ነው የተገጠመለት፤ እሱም በሙቀት ደርቆ ከጥቂት ዓመት በኋላ ስንቁ ያልቃል። አምፖሉ ላይ ዓይናችሁ የማያየውን ብልጭታ ማሽኑ ያየዋል።

ምልክቶቹን በቅርብ እዩ። ጌም ሲከፈት ወይም ቪዲዮ ኤክስፖርት ሲጀመር ይመታል። ፍሪጅ ሞተሩን ሲያስነሳ ይመታል። ጠዋት ቀዝቅዞ ሲበራ ሁለት ሦስቴ ይወድቃል፣ ከሞቀ በኋላ ቀኑን ሙሉ ይሠራል። ይህ የመጨረሻው የደረቀ ካፓሲተር ፊርማ ነው፤ ሌላ ምርመራ ብዙም አያስፈልገውም።

ስትገዙ በጎኑ የተጻፈውን ትልቅ ቁጥር አትመኑ። የ12 ቮልቱን አምፔር ፈልጉና በ12 አባዙ። «500 ዋት» ተብሎ ለ12 ቮልት 14 አምፔር የተጻፈበት 168 ዋት ነው የሚሰጣችሁ፤ የቀረው ቀለም ነው። በእጃችሁም መዝኑት፤ እንደ ባዶ ቆርቆሮ የሚቀልለው ውስጡም እንደዚያው ነው። ግብዓቱ «100–240» የሚል ከሆነ መብራት ሲደክም የተሻለ ይታገሳል።

ለመለካት መልቲሜትሩን ቢጫና ጥቁር ሽቦ ላይ አድርጉ፤ ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት መሆን አለበት። ቀይና ጥቁር ከ4.75 እስከ 5.25። ጭነት ላይ እያለ ለኩ፤ አረንጓዴና ጥቁሩን በሽቦ አገናኝቶ «ፋኑ ዞሯል፣ ደህና ነው» ማለት ፋኑ መዞሩን ብቻ ነው የሚያረጋግጠው። ከልኩ ከወጣ ጥፋተኛ ነው። ልክ ሆኖ ቢያሳይ ግን አልዳነም፤ መልቲሜትር የሚሊሰከንድ ጉድለት አይዝም። እውነተኛው ምርመራ የሚሠራ ፓወር ሳፕላይ ተውሶ ሁለት ቀን መሞከር ነው።

ዴልና ኤችፒ ከሆነ ከመግዛታችሁ በፊት የማዘርቦርዱን ሶኬት ቁጠሩ። ኦፕቲፕሌክስ 9020 ላይ ባለ 8፣ ኤችፒ ፕሮዴስክ 600 ጂ1 ላይ ባለ 6 እግር ነው፤ የተለመደው ባለ 24 እግር አይገባም። አስገድዶ የሚያስገባ ማዘርቦርድ ይገዛል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። ፓወር ሳፕላዩን አትክፈቱት፤ ከሶኬት ተነቅሎም እንኳ ትልቁ ካፓሲተር 310 ቮልት ገደማ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ከኋላው ያለችውን ቀይ የቮልት መምረጫ ደግሞ «መብራት ደከመ» ብላችሁ ወደ 115 አትመልሷት። መብራቱ ወደ 220 ሲመለስ ፍንዳታውን ጎረቤት ይሰማዋል።

ጥፋቱ ከግድግዳው ሲሆን

ፓወር ሳፕላዩ ተቀይሮም ካልተወው ቀኑን መዝግቡ። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ብቻ የሚታመም ኮምፒውተር አለ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ይስባል፤ ያ በ220 ቮልት 16 አምፔር ነው። አንድ ቆጣሪ ለሦስት አራት ቤት በሚከፋፈልበት ግቢ፣ በቀጭን ሽቦ ላይ፣ ምጣዱ በተለኮሰ ቁጥር ኮምፒውተሩ የተሰካበት ሶኬት 215 የነበረው 175 ይገባል። እንዲህ ዓይነት ቤት ሁለት ፓወር ሳፕላይና አንድ ራም በከንቱ ተገዝቶ፣ በመጨረሻ ሶኬቱ ሲፈታ የጠቆረ፣ የላላ ብሎን ይገኛል። ምጣዱ እየሠራ ሶኬቱን ለኩ። መፍትሄው ከቆጣሪው በቀጥታ ለምጣዱ ብቻ የሚሄድ 4 ወይም 6 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦና የላሉትን ብሎኖች ማጥበቅ ነው። ይህን ኤሌክትሪሺያን ይሥራው። ዲቫይደር በዲቫይደር ላይ መቀጠልም ያው በሽታ ነው።

ምጣዱ ሲለኮስ አምፖሉ ከመደብዘዝ ይልቅ የሚደምቅ ከሆነ ወዲያው ዋናውን ብሬከር አጥፉ። ኒውትራሉ (የመመለሻው ሽቦ) ላልቷል ወይም ተቆርጧል፤ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ አብረው ይቃጠላሉ።

ስታቢላይዘር (ቮልት ማስተካከያ) አድኗችሁ ከሆነ መልካም፤ ግን ጠቅ ጠቅ እያለ በሬሌ የሚቀያይረው ዓይነት በእያንዳንዱ «ጠቅ» ላይ ራሱ ለቅጽበት ይቆርጣል። የተሻለው ዩፒኤስ (መብራት ሲቆረጥ በባትሪ የሚያቆየው ሳጥን) ነው፤ እሱም ባትሪው ካልሞተ። 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ያለው የተለመደው ባትሪ ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ አይታመንም፤ የሞተ ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ራሱ የሪስታርት ምክንያት ይሆናል። ኮምፒውተሩን ሳይሆን አምፖል ሰክታችሁ ከግድግዳው በመንቀል ፈትኑት።

የቀሩት

ሙቀት ብዙውን ጊዜ ያጠፋል እንጂ ሪስታርት አያደርግም። ባዮስ ላይ ሥራ ሳይኖረው 80 ዲግሪ ካነበበ የፕሮሰሰሩን ፋን አንሱ፤ ከአራቱ የፕላስቲክ እግሮች አንዱ ተነቅሎ ታገኙታላችሁ። አሮጌውን ተርማል ፔስት ጠርጋችሁ የምስር ፍሬ የምታክል አዲስ አድርጉ። እንደ ቅቤ መለቅለቅ አያቀዘቅዝም።

ራሙን ከጠረጠራችሁ አንድ በአንድ እያወጣችሁ ሞክሩ፤ የወርቅማውን ጥርስ በላጲስ አሹት። ሜምቴስት 86 (ራም የሚፈትን ፕሮግራም) ሌሊቱን ሙሉ ይሥራ፤ አንድ ስህተት እንኳ ካሳየ ያ ራም አይመለስም።

ማዘርቦርዱ ላይ በፕሮሰሰሩ ዙሪያ ያሉት ካፓሲተሮች ጫፋቸው ጠፍጣፋ ነው መሆን ያለበት። ካበጠ ወይም ቡናማ ነገር ካፈሰሰ ተመሳሳይ ማይክሮፋራድ ያለው፣ ቮልቱ የማያንስ፣ 105 ዲግሪ የተጻፈበት ይገጠም። 85 የሚል የሚገጥም ጠጋኝ በዓመቱ ይጠብቃችኋል።

የሪሴት ቁልፉ ተጣብቆም ይሆናል። ከማዘርቦርዱ ላይ ባለ ሁለት እግሯን የሪሴት ሽቦ ነቅላችሁ ሁለት ቀን ሥሩ፤ ካቆመ እዚያው ነቅላችሁ ተዉት።