ሱቁ ፒያሳ፣ አካውንታንቱ ሌላ ቦታ፦ የሒሳብ ሥራን ከርቀት ለሚሠራ ሰው እንዴት ማስረከብ ይቻላል

ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ወርዳችሁ ስታዲየም እስክትደርሱ ያለውን ንግድ ብቻ እዩ። ካፌው፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ ወርቅ ቤቱ፣ ፎቅ ላይ ቢሮ የተከራየው ትንሽ አስመጪ። አብዛኛው የሙሉ ጊዜ አካውንታንት የሚያስቀጥር ሥራ የለውም። መዝገብ መያዝና በየወሩ ለግብር ቢሮ ማሳወቅ (ዲክለር ማድረግ) ግን አይቀርለትም። የተለመደው መላ ፓርት ታይም አካውንታንት ነው። ወር ሊያልቅ ሲል ይመጣል፣ ወንበር ይሳብለታል፣ ማኪያቶ ይታዘዝለታል፣ በፌስታል የታጨቀ ደረሰኝ ይሰጠዋል፣ ዲክለር አድርጎ ይሄዳል። ወሩ ሙሉ ምን ሲገባ ምን ሲወጣ እንደነበር የሚያውቅ የለም።

አሁን ያንኑ ሥራ ከቤቱ ሆኖ በየሳምንቱ የሚሠራላችሁ ሰው ማግኘት ይቻላል። አዳማ ይኑር ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ ለውጥ የለውም። ግን አንድ ነገር ከወዲሁ ይታወቅ። የምታስረክቡት መመዝገቡን ነው፣ ኃላፊነቱን አይደለም። ቅጣት ሲመጣ በእናንተ ቲን (የግብር ከፋይ መለያ) ቁጥር ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሥራውን ስታስረክቡ ቁልፉ እጃችሁ ላይ እንዲቀር አድርጋችሁ ነው።

1. ምን እንደምታስረክቡ ጻፉ

«ሒሳቤን ያዝልኝ» ብቻ ብሎ መስጠት በኋላ ለጭቅጭቅ ነው። እናንተ ቫቱንም ደመወዙንም ይሠራል ብላችሁ ታስባላችሁ፣ እሱ ደግሞ የተስማማው ለመመዝገብ ብቻ ነው። ስለዚህ ቁጭ ብላችሁ ዘርዝሩ፦ ሽያጭና ግዢ መመዝገብ፣ ባንክ ማስታረቅ (መዝገቡን ከባንኩ ስቴትመንት ጋር ማገጣጠም)፣ ፔይሮል (የደመወዝ ስሌት)፣ የደመወዝ ግብር፣ ጡረታ (ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ)፣ ቫት ካላችሁ የቫት ሪፖርት፣ ዊዝሆልዲንግ (ከክፍያ ላይ ተቀንሶ የሚያዝ ግብር)፣ የዓመቱ መዝጊያ። ከጎኑ የሥራውን መጠን አስቀምጡ። በወር በግምት ስንት የግዢ ደረሰኝ አለ? ስንት የባንክ አካውንት? ስንት ሠራተኛ? ዋጋ የሚነግራችሁ ሰው ይህን ሳይጠይቅ ዋጋ ከጠራ፣ ሥራውን ሳያየው ነው የጠራው።

ኦዲት ደግሞ ለብቻው ነው። መዝገቡን የያዘው ሰው ራሱ መልሶ ኦዲተር ሊሆን አይገባም።

2. ኪሳችሁንና ካዝናውን ለዩ

ይሄ ካልተደረገ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ዋጋ የለውም። አጠገባችሁ ያለ አካውንታንት «ጋሼ፣ ይቺ 20,000 ምንድን ናት?» ብሎ ይጠይቃችኋል። ሩቅ ያለው የሚያየው ስቴትመንቱ ላይ ያለችውን መስመር ብቻ ነው።

ለንግዱ የራሱ የባንክ አካውንት ይኑረው። በቴሌብር ከተቀበላችሁም የንግዱ ቴሌብር ለብቻው ይሁን። ቤት ኪራይም የልጅ ትምህርት ቤትም የሚከፈልበት የግል ቁጥር ላይ ሽያጭ እየገባ ማንም አካውንታንት አያጠራውም።

ዕቁቡስ? ከካዝና አንስታችሁ የምትጥሉት ዕቁብ የንግዱ ወጪ አይደለም። የባለቤቱ ወጪ ተብሎ ለብቻው ነው የሚመዘገበው። ዕቁቡ ሲወጣላችሁና ብሩን ሱቁ ውስጥ ስታስገቡትም ሽያጭ አይደለም። ይህን ካልነገራችሁት፣ ሲገባ ሽያጭ ብሎ ይመዘግበውና ባልሸጣችሁት ነገር ግብር ሊታሰብባችሁ ነው።

3. ሰውየውን ፈልጉ፣ ከዚያ ፈትኑት

ከሁሉም የሚሻለው ጎረቤት ነጋዴ መጠየቅ ነው። ግን «ጥሩ ነው ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፣ ሁሉም ጥሩ ነው ይላችኋል። «ባለፈው ዓመት ቅጣት መጥቶባችሁ ያውቃል? የወሩን ሪፖርት በስንት ቀን ያደርስላችኋል? ያለፈውን ዓመት ፋይል ብትጠይቁት ዛሬ ይሰጣችኋል?» በሉ።

ግብር ቢሮ ወክሎአችሁ እንዲቀርብ ከፈለጋችሁ ነገሩ ከፍ ይላል። በግብር አስተዳደር አዋጅ (983/2008) መሠረት የታክስ ወኪልነት ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ፈቃዱን ጠይቁ፣ እዩት።

ከዚያ ፈተና። ውጤቱን የምታውቁትን፣ ተዘግቶ ያለቀ አንድ ወር ኮፒ አድርጋችሁ ስጡት፣ እየከፈላችሁት። ቁጥሩ መግጠሙ ብቻ አይበቃም። ደረሰኝ የጎደለበት ቦታ ላይ ምን አደረገ? ጥያቄ ጽፎ ከላከላችሁ ጥሩ ሰው አገኛችሁ። ዝም ብሎ በግምት ከሞላው ተሰናበቱት። «የጎደለውን ደረሰኝ እኔ አሟላላችኋለሁ» ካለ ደግሞ ስልኩንም አጥፉት። የሐሰት ደረሰኝ ወንጀል ነው፣ ሲያዝ ወጪ አድርጎ ያቀረበው ነጋዴም ይጠየቃል።

አንዲት ትንሽ ምልክት ልጨምር። ለራሱ ክፍያ ደረሰኝ የማይቆርጥ አካውንታንት ያጋጥማል። ከእናንተ ደረሰኝ እየለመነ ራሱ የማይሰጥ!

4. ውል ይኑር

አንድ ገጽ ይበቃል። የሚሠራው ሥራ ዝርዝር፣ ሪፖርት የሚያደርስበት ቀን፣ እናንተ ሰነድ የምታደርሱበት ቀን፣ ክፍያ። ዋናዋ አንቀጽ የቅጣት ነገር ናት፦ ሰነድ በሰዓቱ ደርሶት እሱ ካዘገየ ቅጣቱን ማን ይከፍላል፣ እናንተ ካዘገያችሁስ? ሁለቱም ተጽፎ ሲቀመጥ ሁለታችሁም ትነቃላችሁ። ሌላው፣ ፋይሉ የማን ነው? የእናንተ ነው፣ ይጻፍ። የሠራተኞቻችሁን ደመወዝና የግል መረጃ ስለሚያይ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታውም ይግባ፤ ከ2016 ጀምሮ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ (1321/2016) አለ።

5. መግቢያ ስጡ፣ ገንዘብ ማንቀሳቀሻ አትስጡ

የሞባይል ባንኪንግ ፒን አይሰጥም። የቴሌብር ፒን አይሰጥም። ስልካችሁ ላይ የሚመጣውን የማረጋገጫ ቁጥር «ቶሎ በሉ፣ ሲስተሙ ሊዘጋ ነው» ቢላችሁም አይሰጥም። እሱ የሚያስፈልገው ስቴትመንት ነው። ከባንኩ አውርዳችሁ በየሳምንቱ ትልኩለታላችሁ።

የኦንላይን ግብር ማሳወቂያው በእናንተ ስልክና በእናንተ ኢሜይል ይመዝገብ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። አካውንታንቱ «እኔ ልክፈትላችሁ» ብሎ በራሱ ኢሜይል ይከፍተዋል፣ ሲለያዩ ሰውየው ስልክ አያነሳም፣ ነጋዴው ደግሞ የገዛ አካውንቱ ውስጥ መግባት አቅቶት በየመስኮቱ ይንከራተታል። የሒሳብ ሶፍትዌሩም፣ ፋይሎች የሚቀመጡበት የጎግል ድራይቭ ፎልደርም እንደዚያው በእናንተ ስም ይከፈትና እሱ ይጋበዝ። ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር ኮምፒውተሩ ላይ ጭኖ የሚሠራ ከሆነ ወር በተዘጋ ቁጥር ባካፑን (የፋይሉን ቅጂ) ይላክላችሁ። ባትከፍቱትም ይቀመጥ።

6. የደረሰኙን መንገድ አስተካክሉ

ልባችሁን እዚህ ላይ ጣሉ። ከርቀት የሚሠራ አካውንታንት የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ባለመቻሉ ሳይሆን ወረቀቱ ስለማይደርሰው ነው።

ስንቱ ሱቅ ነው ደረሰኝ ሚስማር ላይ የሚሰካው! የካሽ ሬጅስተር ወረቀት ሙቀት የሚያጠቁረው ወረቀት ነው። ፀሐይ ካገኘው፣ ፕላስቲክ ውስጥ ከተቀመጠም፣ ጽሑፉ እየደበዘዘ ይሄዳል። ከወራት በኋላ ስታወጡት ባዶ ነጭ ቁራጭ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ደረሰኙ በተቀበላችሁበት ቀን ፎቶ ይነሳ። ዕቃ ሊያመጣ መርካቶ የሄደው ልጅ እዚያው ቆሞ ያንሳው፣ ታክሲ ውስጥ ከገባ በኋላ ኪሱን መፈተሽ ነው የሚተርፈው። ከመቀበላችሁ በፊት ደግሞ የድርጅቱ ስምና ቲን ቁጥር በትክክል መጻፉን እዩ። አንድ ቁጥር ከተሳሳተ የሰው ደረሰኝ ነው።

አንድ ደረሰኝ ሲጠፋ ስንት እንደሚያስከፍል በቁጥር እንየው። አራት ኪሎ ያለ የቫት ተመዝጋቢ ህትመት ቤት በወር ቫትን ጨምሮ 345,000 ብር ሸጠ እንበል። 300,000ው ሽያጭ ነው፣ 45,000ው 15 በመቶ ቫት። ወረቀትና ቶነር በ207,000 ገዝቷል፤ ከዚህ ውስጥ ቫቱ 27,000 ነው። የገዛበትን ቫት ከሸጠበት ቀንሶ ልዩነቱን፣ 18,000 ብር፣ ለግብር ቢሮ ያስገባል። አሁን ከግዢው ውስጥ የአንድ 46,000 ብር ደረሰኝ ጠፋ። በውስጡ ያለውን 6,000 ብር ቫት ማቀናነስ ስለማይችል የሚያስገባው 24,000 ሆነ። በዚያ ላይ የቀረው 40,000 ብር ማስረጃ የሌለው ወጪ ስለሆነ የዓመቱ ትርፍ ሲሰላ ላይያዝለት ይችላል። ለአንድ ብጣሽ ወረቀት!

አላላኩ ቀላል ይሁን። ቴሌግራም ላይ ለዚሁ ብቻ የሚሆን ግሩፕ ክፈቱ፤ እናንተ፣ ካሸሯ፣ አካውንታንቱ። ሠርግ ጥሪና ቀልድ የሚላክበት ግሩፕ አይሁን። ደረሰኝ ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ፤ ቴሌግራም ፎቶን ስለሚያሳንሰው ጥቃቅኑ የቲን ቁጥር አይነበብም። ከሥሩ አንድ መስመር ይጻፍ፦ «ቶነር፣ በባንክ የተከፈለ» ወይም «ለሱቁ ውኃ፣ በካሽ»። ማታ ሱቅ ሲዘጋ የቀኑ ዜድ ሪፖርት (የካሽ ሬጅስተሩ የቀን ሽያጭ ድምር) ይወጣል፣ ፎቶው ይላካል። ይሄ የካሸሯ የመጨረሻ ሥራ ነው፣ ቁልፍ ከማስረከቧ በፊት።

ዋናዎቹን ወረቀቶች አትጣሉ። በወር በወር ለይታችሁ ቦክስ ፋይል ውስጥ አስቀምጡ። ኦዲት የመጣ ቀን ስልክ ላይ ያለ ፎቶ ብቻ አያድናችሁም። በተለይ ሱቅ ስትቀይሩ ሰነዱን ከዕቃው ጋር አትጫኑት፣ እጃችሁ ላይ ይዛችሁ ሂዱ። በኮሪደር ልማቱ ጊዜ ከፒያሳ የተነሣ ነጋዴ ዕቃ ሲጫን ምን ምን እንደሚጠፋ ያውቃል።

7. የቀን አቆጣጠሩን ተነጋገሩ

የእኛ በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል። ሐምሌ 1 በፈረንጆቹ ጁላይ 8 ነው። ኦንላይን የሚሠሩት ብዙዎቹ ሶፍትዌሮች ደግሞ ወር ሲሉ የፈረንጅ ወር ነው። በ2018 ለምሳሌ ኦክቶበር ማለት ከመስከረም 21 እስከ ጥቅምት 21 ነበር። አካውንታንቱ የኦክቶበሩን ሪፖርት አውጥቶ የጥቅምት ነው ብሎ ካሳወቀ የመስከረም አሥር ቀን ሽያጭ ጥቅምት ውስጥ ገብቷል፣ የጥቅምት ዘጠኝ ቀን ቀርቷል። ስለዚህ ሪፖርት ሲወጣ ቀኑ ከእስከ ተብሎ በእኛ አቆጣጠር ይገደብ። ጳጉሜንም ጠይቁት፣ የት እንደሚደርባት። መልሱን ሳያስብ ካልነገራችሁ ከአገር ውስጥ ግብር ጋር ብዙም አልተዋወቀም።

8. ዲክለር ከመደረጉ በፊት እናንተ እዩ

አካውንቲንግ መማር አያስፈልግም። አራት ነገር በቂ ነው። የወሩ ዜድ ሪፖርቶች ድምር ሪፖርቱ ላይ ካለው ሽያጭ ጋር ይገጥማል? መዝገቡ ላይ ያለው የባንክ ቀሪ ሒሳብ ስቴትመንቱ ላይ ካለው ጋር ይገጥማል፣ ካልገጠመስ ልዩነቱ የየትኛው ቼክ ነው? ዱቤ የወሰዱት እነማን ናቸው፣ ስንት አለባቸው? የተሸጠው 345,000 ሆኖ ባንክና ቴሌብር የገባው 310,000 ከሆነስ ቀሪው 35,000 የት ነው? መልሱ «ዕቁብ 20,000፣ ባለቤቱ የወሰዱት 9,000፣ ለአውራጅና ጫኝ 6,000» ሊሆን ይችላል። መልስ ካለ ሰላም ነው። ከሌለ ካሸሯን ከመጠርጠራችሁ በፊት ራሳችሁን አስታውሱ፤ ከካዝና በብዛት የሚያነሣው ባለቤቱ ነው።

አይታችሁ «እሺ» ስትሉ ያሳውቅ፤ ክፍያውን ራሳችሁ ፈጽሙ። ለግብር ይሆናል ብላችሁ በአካውንታንቱ የግል አካውንት ብር አታስገቡ። ከተከፈለ በኋላ የማሳወቂያውም የክፍያውም ማስረጃ ግሩፑ ውስጥ ይግባ። መጨረሻው ቀን ድረስ አትጠብቁ። ሲስተሙ የሚጨናነቀው፣ መብራት የሚጠፋው፣ ኔትወርክ የሚሄደው ያን ቀን ነው፣ ሁሌም።

9. ካልተስማማችሁ

ወር ከተዘጋና ከተከፈለ በኋላ ተለያዩ፣ መሀል ላይ አይሁን። በጀት ዓመት መዝጊያ ላይ፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ ባይሆን ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው። ከመሰናበቱ በፊት የመጨረሻውን ባካፕ፣ የሒሳብ ሚዛኑን (የየሒሳቡን ቀሪ ዝርዝር)፣ ያልተከፈሉ ዱቤዎችን ዝርዝርና የተላኩ ማሳወቂያዎችን ይስጣችሁ። የመጨረሻው ክፍያ ይህን ካስረከበ በኋላ ነው። ከዚያ የይለፍ ቃሎቹን ቀይሩ፣ ከፎልደሩ አውጡት፣ ከቴሌግራም ግሩፑም እንደዚሁ። የተካው ሰው ሲመጣ ያለፈውን ወር ሒሳብ ከዜሮ እንዲያስታርቅ አድርጉ።