ስለ ሊ ኒንግ ሲጻፍ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ሊ ኒንግ እ.ኤ.አ. በ1984 የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ 3 ወርቅ፣ 2 ብርና 1 ነሐስ ወስዶ ከየትኛውም ስፖርተኛ የበለጠ ሜዳሊያ ይዞ የተመለሰ ቻይናዊ ጂምናስት ነው። እስከዚህ ድረስ የሚሳሳት የለም። ጣጣው የሚመጣው ዝርዝሩ ውስጥ ሲገባ ነው።

የዚያን ዘመን ነጥብ በዛሬ ሚዛን መመዘን

የሚያናድደው ይሄ ነው። አንዱ በወለል ልምምድ ያገኘውን 19.925 ያይና «ያኔ ጣሪያው 10 አልነበረም እንዴ?» ብሎ ለሁለት ይከፍለዋል። ሌላው ቻይናዊው ዞው ጂንግዩዋን በቶኪዮ ኦሊምፒክ በትይዩ ዘንጎች ካገኘው 16.233 ጎን አስቀምጦ «ሊ ኒንግ በሦስት ነጥብ ይበልጠዋል» ይላል። ኩንታልን በሜትር እንደመለካት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ተወዳዳሪው በማጣሪያው በእያንዳንዱ መሣሪያ ሁለት ጊዜ ይሠራል። የመጀመሪያው ለሁሉም አንድ ዓይነት ሆኖ የተደነገገ የግዴታ ልምምድ ነው፤ ሁለተኛውን ግን ራሱ አቀናብሮ ያመጣዋል። ሁለቱም ከ10 ይታረማሉ፤ አማካያቸውን ይዞ ወደ መሣሪያው ፍጻሜ ይገባል። በፍጻሜው የሚያገኘው፣ እሱም ከ10 የሚታሰበው፣ ይደመርበታል። ጣሪያው 20 የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። 19.925ን ለሁለት ቢከፍሉት የፍጻሜውን ቀን ነጥብ አያገኙም፤ የሚወጣው የሦስት ልምምዶች ቅልቅል ነው።

በስድስቱም መሣሪያ በሚደረገው የግል ጥቅል ውድድርም የማጣሪያው አማካይ ከ60፣ የፍጻሜው ከ60፣ ድምሩ ከ120 ነበር። በሎስ አንጀለስ ጃፓናዊው ኮጂ ጉሺኬን 118.700፣ አሜሪካዊው ፒተር ቪድማር 118.675፣ ሊ ኒንግ 118.575 አገኙ። በወርቅና በነሐስ መካከል ያለው ልዩነት 0.125 ብቻ ነው። «በዕለቱ ተሸነፈ» ብሎ ከመጻፍ በፊት እያንዳንዱ ከማጣሪያው ይዞት የመጣውን ነጥብ ማየት የግድ ነው፤ በግዴታው ልምምድ የተጣለች ትንሽ ነጥብ እስከ መጨረሻው ትከተላለች። ቡድኑ ደግሞ ከ600 ነበር፤ ስድስት ሰው ይሠራል፣ በየመሣሪያው የአምስቱ ምርጥ ይያዛል፣ ሁለት ዙር። አሜሪካ 591.40፣ ቻይና 590.80።

የግዴታ ልምምድ ከአትላንታ 1996 በኋላ ቀረ። ከ2006 ጀምሮ ደግሞ ለልምምዱ ክብደት ጣሪያ የሌለው ነጥብ ይሰጣል፤ ለአሠራሩ ጥራት ከ10 ተቀናሽ እየተደረገ ይሰላል፤ ሁለቱ ይደመራሉ። 16.233 የወጣው ከዚህ ነው። ስለዚህ የሁለቱን ዘመን ቁጥሮች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ምንም አይነግረንም። ማወዳደር የፈለገ ሰው ደረጃን ከደረጃ፣ ልዩነትን ከልዩነት ያወዳድር።

የዓለም ዋንጫን ከዓለም ሻምፒዮና መቀላቀል

እግር ኳስ የለመደ ጆሮ «የዓለም ዋንጫ» ሲባል ከዚህ በላይ ምን አለ ይላል። በጂምናስቲክ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ትልቁ መድረክ፣ ከኦሊምፒክ ቀጥሎ፣ የዓለም ሻምፒዮናው ነው። በ1980ዎቹ የነበረው የዓለም ዋንጫ ጥቂት ምርጦች ብቻ የሚጋበዙበትና የቡድን ፉክክር የሌለበት ውድድር ነበር። ሊ ኒንግ ከ7ቱ ወርቅ (የስድስቱ መሣሪያና የግል ጥቅሉ) 6ቱን የጠራረገው በ1982 በዛግሬብ በተካሄደው የዓለም ዋንጫ ነው፤ ያመለጠው የትይዩ ዘንጎቹ ብቻ ነበር። የሚያስደንቅ ነው፤ ግን የዓለም ሻምፒዮና አይደለም።

በዓለም ሻምፒዮና ያገኘው ወርቅ 2 ነው፦ በ1983 በቡዳፔስት ከቡድኑ ጋር፣ በ1985 በሞንትሪያል በቀለበት፣ እሱንም ከሶቪየቱ ዩሪ ኮሮልዮቭ ጋር ተካፍሎ። «14 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን» የሚለው ቁጥር ውሸት አይደለም፤ የቻይና ስፖርት ኦሊምፒክን፣ የዓለም ሻምፒዮናንና የዓለም ዋንጫን አንድ ላይ ስለሚቆጥር ነው። 3 ሲደመር 2፣ ቀሪው 9 ከዓለም ዋንጫ። ቁጥሩን የሚጠቀም ሰው ከምን እንደተደመረ ይጻፍ።

የጋራ ወርቅን እንደ ግማሽ ወርቅ መቁጠር

ከሎስ አንጀለሱ ሦስት ወርቅ ብቻውን የወሰደው የወለሉን ነው። እጀታ ባለው ፈረስ በሚባለው መሣሪያ ከቪድማር ጋር በ19.950፣ በቀለበት ከጉሺኬን ጋር በ19.850 እኩል ወጡ፤ ለሁለቱም ሙሉ ወርቅ ተሰጠ። በዝላይ ደግሞ ብሩን ለአራት ተካፈሉት፤ ነሐስ የሚባል አልነበረም። የሜዳሊያ ሰንጠረዡ አልደመር ያላቸው ሰዎች እዚህ ላይ ይመልከቱ።

የቻይና የመጀመሪያ የኦሊምፒክ ወርቅ የሱ ነው ማለት

አይደለም። በዚያው ኦሊምፒክ በሽጉጥ ተኩስ ያሸነፈው ሹ ሃይፌንግ ነው።

አድማውን መርሳት፣ ወይም ሁሉንም በአድማው ማሳበብ

በ1984 ሶቪየት ኅብረትና አጋሮቿ አድማ መትተው ከኦሊምፒኩ ቀርተዋል፤ ኢትዮጵያም ቀርታለች። በ1983 በቡዳፔስት በግል ጥቅል የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ዲሚትሪ ቢሎዘርቼቭ ሎስ አንጀለስ አልመጣም። ይህን ሳይጠቅሱ ማለፍ ነውር ነው። ነገር ግን «ሜዳው ባዶ ስለነበር ነው ያሸነፈው» የሚለውም አያስኬድም። በዚያው በቡዳፔስት የቻይና ቡድን ወርቁን የወሰደው ሶቪየቶች ባሉበት፣ እነሱን ሁለተኛ አድርጎ ነው። ሊ ኒንግ በሞንትሪያል የቀለበት ወርቁን ያገኘውም ሶቪየቱ ኮሮልዮቭ እያለ ነው።

ሴኡልን በፈገግታው ብቻ መተረክ

በ1988 በሴኡል በቀለበት ላይ እግሩ ተያዘበት፤ በዝላይ ሲያርፍ ወደቀ። ከዚያ ፈገግ አለ። አገሩ ውስጥ በዚያ ፈገግታ ክፉኛ ተወቀሰ፤ እስከ ዛሬ የሚጻፈውም ስለ ፈገግታው ነው። ሂሳቡን የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው። ያኔ አንድ መውደቅ 0.5 ያስቀንስ ነበር፤ ከአራት ዓመት በፊት በግል ጥቅል ወርቅን ከነሐስ ከለየው 0.125 አራት እጥፍ ማለት ነው። ሁሉም 9.8ና 9.9 በሚያገኝበት ፉክክር ውስጥ አንዴ የወደቀ ሰው የሚመለስበት መንገድ የለውም፤ ሥራው የቱንም ያህል ከባድ ቢሆን የሚያካክስ ነጥብ አልነበረምና። በዚያ ላይ ዕድሜው 25 ደርሷል፤ የቻይና ወንዶች ቡድንም አራተኛ ነው የወጣው። መውደቁን የአንድ ሰው ክህደት አስመስሎ መጻፍ ስፖርቱን አለማወቅ ነው።

ዓመተ ምሕረቱን በጅምላ 8 እየቀነሱ መለወጥ

ሎስ አንጀለስ በክረምት ስለነበር 1976 ዓ.ም ነው፤ ልክ። ሴኡል ግን የተጀመረው መስከረም ከጠባ በኋላ ስለሆነ 1981 እንጂ 1980 አይደለም። የቡዳፔስቱ ሻምፒዮና ደግሞ በጥቅምት በመደረጉ ከሎስ አንጀለስ ጋር በአንድ የኢትዮጵያ ዓመት ውስጥ ይወድቃል። ወሩን ሳያዩ መቀነስ ታሪኩን በአንድ ዓመት ያንሸራትተዋል።

ሁለቱን ፈረስ አንድ ማድረግ

እጀታ ባለው ፈረስ ላይ ጂምናስቱ በእጁ ተደግፎ እግሩን ሳያቋርጥ ያዞራል። የዝላዩ ፈረስ እጀታ የለውም፤ ሮጦ በእጅ ገፍቶ ማለፍ ብቻ ነው። በሊ ኒንግ ዘመን ወንዶች የሚዘሉት በርዝመቱ በተቀመጠ ፈረስ ላይ ነበር። ዛሬ የምናየው ሰፊው ጠረጴዛ የመጣው በ2001 ነው፤ የሱን ዝላይ በዚህ ጠረጴዛ ፎቶ ማስረዳት አይቻልም።

የቤጂንጉን ችቦ ከድርጅቱ ጋር ማያያዝ

እኛ ቤጂንግ 2008ን የምናስታውሰው በቀነኒሳና በጥሩነሽ ነው፤ ቻይናዎች ግን በሽቦ ተንጠልጥሎ የስታዲየሙን ጠርዝ በአየር ላይ እየሮጠ ዞሮ ችቦውን የለኮሰውን ሊ ኒንግን ያነሳሉ። «ስፖንሰር ስለነበር ነው» የሚሉ አሉ። ከጡረታ በኋላ ጂያንሊባኦ በተባለ የመጠጥ ድርጅት ሠርቶ በ1990 የስፖርት ልብስ ኩባንያውን መሠረተ፤ ኩባንያው በ2004 ሆንግ ኮንግ የአክሲዮን ገበያ ገባ። የቤጂንግ ኦሊምፒክ የልብስ ስፖንሰር ግን አዲዳስ ነበር። የቻይና ጂምናስቶች የተወዳደሩት በሊ ኒንግ ልብስ ነው፤ ሜዳሊያቸውን ሊቀበሉ ሲወጡ ግን አዲዳስ ለብሰው ነበር።