የነጠላው ጠርዝ ሲቀላ

ሱፐር አንጉሎን 21 ሚሊሜትር ሌንስ ላይካ ኤም9 ካሜራ ላይ ገጥሜ ደብረ ማርቆስ አካባቢ ሳነሳ፣ የፎቶው ዳር ወይንጠጅ ይሆንብኝ ነበር። ጥግ ላይ የቆሙት እናት ነጭ ነጠላ ቀላ። ዋይት ባላንሱን (የቀለም ሚዛኑን) ስቀይር መሃሉ አረንጓዴ ሆነ። ካሜራው ቀለሙን እንዲያርም ከሜኑው ሌላ ባለ 21 ሚሊሜትር ሌንስ መረጥኩ፤ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ሦስት ቀን በላብኝ።

ነገሩ የሌንሱ የኋላ መስታወት ሴንሰሩ (ብርሃን ተቀባዩ) አፍንጫ ሥር ስለሚቀመጥ ነው። ብርሃኑ ዳር ላይ በጣም ተጋድሞ ያርፋል።

የሠራልኝ ይኸው፦ ወተት የመሰለ ስስ ነጭ ፕላስቲክ ሌንሱ አፍ ላይ ያዝኩ። ፎቶውን ባነሳሁበት አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት)፣ ፎከሱን ኢንፊኒቲ (የመጨረሻው ሩቅ) ላይ አድርጌ ደመናውን አነሳሁ። ከዚያ የተበላሸውን ፎቶ ሮውቴራፒ በሚባለው የፎቶ ማረሚያ ፕሮግራም ከፍቶ ሮው ታብ፣ ፍላት ፊልድ፣ ያንን የደመና ፋይል መምረጥ። ነጠላው ነጣ፣ ጥለቱም ለየ! በዲኤንጂ (ካሜራው ባላቀነባበረው ጥሬ ፋይል) ማንሳት ግን ግድ ነው። ለየአፐርቸሩም እንዲህ በፕላስቲኩ የተነሳ አንድ አንድ ነጭ ፍሬም አስቀምጡ።