ፓተንታችሁን ለሌላ አምራች ስትፈቅዱ

ፓተንት (ሌላው ያለፈቃዴ ፈጠራዬን እንዳያመርት የሚከለክል መብት) ያለኝን የጤፍ መውቂያ አንድ ወርክሾፕ እንዲያመርት የፈቀድኩት በቃል ነበር። «በየማሽኑ 500 ብር» ተባባልን፤ ስንት እንደሸጠ ግን ማወቂያ አልነበረኝም። ሁለት ክረምት አለፈ፤ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ውላችሁን በጽሑፍ አድርጉ፤ አምራቹ በየማሽኑ ላይ ተከታታይ ቁጥር ይምታ፣ በየ3 ወሩም የሽያጭ ደረሰኙን ያሳይ። ፈቃዱ ለእሱ ብቻ ነው ወይስ ለሌላም ትሰጣላችሁ? እሱስ ለሦስተኛ ወገን ማስተላለፍ ይችላል? ይህም በግልጽ ይስፈር።

የውሉ ዘመን ከጥበቃው አይብለጥ። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 ፓተንት 15 ዓመት ይጸናል፤ ፈጠራው አገር ውስጥ በሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ሊራዘም ይችላል። ፓተንቱን ለማቆየት የሚከፈለውን ዓመታዊ ክፍያ ማን እንደሚከፍል ወስኑ፣ ካልተከፈለ መብቱ ራሱ ይቀራልና። የኢትዮጵያ ፓተንት ኬንያ ውስጥ መብታችሁን እንደማያስከብርም አትርሱ። ከፈረማችሁ በኋላ ውሉን የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ አስመዝግቡ።