ህንድ ለምትማሩ፦ በታህሳስ እረፍት ቫራናሲ፣ ሳርናትና ቦድጋያ እንዴት ይኬዳል

እረፍት ሲመጣ ሁሉም ጎዋ ጎዋ ይላል፣ እኔን ብትሰሙኝ ግን ወደ ሰሜን ውጡ። ቫራናሲ ለሂንዱዎች፣ ሳርናትና ቦድጋያ ደሞ ለቡድሂስቶች ትልቅ የተሳላሚ ቦታ ናቸው፣ ብዙም ስለማይራራቁ በተማሪ ኪስ ይቻላል።

የባቡር ቡኪንግ ከ60 ቀን በፊት ነው የሚከፈተው፣ ፈተና ጨርሼ እገዛለሁ ያለ ሰው ዌይቲንግ ሊስት ላይ ነው የሚቀረው። ስሊፐር (ኤሲ የሌለው መኝታ) ርካሽ ነው ግን የታህሳስ ሌሊት ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ወይ ጋቢ ያዙ ወይ ትንሽ ጨምራችሁ ስሪ ኤሲ (ባለ ሶስት ደርብ አልጋ፣ ኤሲ ያለው ክፍል) ግቡ፣ አንሶላና ብርድ ልብስ አለው። በዛ ላይ ጉም ስላለ ባቡር ብዙ ሰዓት ሊዘገይ ይችላል፣ የመልሱን ቀን ከክላስ መጀመሪያ ጋር አታጣብቁት።

ሆቴል ከመክፈላችሁ በፊት ደውላችሁ የውጭ ዜጋ ትቀበላላችሁ ወይ በሉ። የውጭ እንግዳን ፎርም ሲ በሚባል የመንግስት ቅፅ ማስመዝገብ ስላለባቸው ርካሾቹ ብዙዎቹ አይፈልጉም፣ በሌሊት ሻንጣ ይዞ ከበር መመለስ አለ። ፓስፖርት፣ ቪዛና የኤፍአርአርኦ (የውጭ ዜጎች ምዝገባ ቢሮ) ወረቀት ኦሪጅናሉ አይለያችሁ።

ቫራናሲ ላይ ወደ ጋንጀስ ወንዝ የሚወርዱት ደረጃዎች ጋት ይባላሉ። ጎህ ሲቀድ ጀልባ ያዙ፣ ዋጋው በሰው ነው ወይስ ለጀልባው፣ ለስንት ሰዓት ነው የሚለውን ግን ሳትሳፈሩ ጨርሱ። ማታ ዳሻሽዋሜድ ጋት ላይ አርቲ የሚባል የእሳት ፀሎት አለ፣ ወጣት ካህናት ተሰልፈው እሳት የሚነድበትን ከባድ የናስ መብራት እኩል እያነሱ ያዞራሉ፣ ደወሉ ጆሮ ያደነቁራል፣ ጭሱ አይን ይለበልባል፣ ፊት ለመቀመጥ ቀደም ብላችሁ ድረሱ። ማኒካርኒካ ጋት ሬሳ የሚቃጠልበት ነው፣ ቀን ከሌሊት አይቆምም። እዛ ስልክ ኪስ ውስጥ ይቀመጥ፣ የሰው ለቅሶ ነው፣ እኛስ ቀብር ላይ ካሜራ የደገነ ፈረንጅ ብናይ ዝም እንል ነበር? ለድሆች የማገዶ መዋጮ የሚል ሰው ከተጠጋችሁ እለፉት፣ የታወቀ ማጭበርበሪያ ነው። ካሺ ቪሽዋናት ቤተመቅደስ ስልክ አያስገባም፣ ፓስፖርት ግን ያዙ።

ሳርናት ከቫራናሲ 10 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ በባጃጅ ትደርሳላችሁ። ቡድሃ ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተማረው እዚህ ነው። ዳሜክ ስቱፓን (ትልቁን ክብ የቡድሂስት ሃውልት) ስትዞሩ ስቱፓው በቀኛችሁ ይሁን። ሩፒ ላይ የምታዩዋቸው የንጉስ አሾካ አንበሶች ኦሪጅናላቸው ሙዚየሙ ውስጥ ነው፣ አርብ ዝግ ስለሆነ በሌላ ቀን ሂዱ። ስቱፓው ያለበት ግቢ ትኬት ለውጭ ዜጋ በጣም ይወደዳል፣ ህንድ ነው የምማረው ብትሉም ያው ነው (ሰልፊ የሚጠይቋችሁ ግን በነፃ ነው ሃሃ)።

ለቦድጋያ ጋያ ከተማ ላይ ከባቡር ወርዳችሁ ባጃጅ ነው። ማሃቦዲ መቅደስም ስልክ አያስገባም፣ መግቢያው ጋ ታስቀምጣላችሁ፣ ጫማም ይወልቃል፣ ስለዚህ ወፍራም ካልሲ አድርጉ፣ ድንጋዩ በጠዋት በረዶ ነው። ቡድሃ ከስሩ ተቀምጦ እውነትን አገኘ የሚባልለት ዛፍ ዝርያ የሆነው ዛፍ ከመቅደሱ ጀርባ ነው። ከሶስቱ እኔ የምወደው ይሄን ነው። የቲቤት መነኮሳት ለስላሳ ጣውላ ላይ በእጃቸው እየተንሸራተቱ ሙሉ በሙሉ ተዘርግተው ይሰግዳሉ፣ ይነሳሉ፣ እንደገና፣ ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ። በመሃላቸው አትለፉ፣ ዳር ይዛችሁ ተቀመጡ።

ምግብ ላይ፣ ወቅቱ የነቢያት ጾም ነው፣ ፒዩር ቬጅ የሚል ፅሁፍ አይታችሁ ፆም ነው ብላችሁ እንዳትገቡ፣ ስጋና እንቁላል የለውም እንጂ ቅቤውም ወተቱም ፓኒሩም (አይቡም) አለ። ቻና ማሳላ (የሽምብራ ወጥ) እና ሮቲ (ቂጣ) እዘዙ፣ ጊ ናሂ (ቅቤ አይግባበት) በሏቸው፣ ሮቲውንም ሳይቀቡት እንዲያመጡ ቀድማችሁ ንገሩ።